«ገና አልተቀበልኩም»፦ ዝም ያለ መለኪያ እንዴት ይናገራል?

በላቦራቶሪ ጥግ አቧራ የለበሰ ማልቲሜትር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲያበሩት ይበራል፣ ቮልትም በትክክል ይለካል። ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ግን ጭጭ! ብዙ ጊዜ «ተበላሽቷል» ይባልና መጋዘን ይገባል። ለምን ዝም እንዳለ ለማወቅ ታሪኩን ማወቅ ይረዳል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኛው አካባቢ እንጀምር። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ከመንግሥት ጎን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ነበሩ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 ሲቋቋም ደግሞ አጋዧ ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ለተቋሞቻችን እርዳታው ከዚህም ከዚያም ይመጣ ነበር። ታዲያ በተለያየ አገር የተሠሩ መሣሪያዎች በምን ቋንቋ ይግባቡ?

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካው ሂውሌት-ፓካርድ ኩባንያ መሐንዲሶች በ1960ዎቹ መጨረሻ ለመለኪያዎቻቸው አንድ የጋራ መስመር መንደፍ ጀመሩ፤ ኤችፒ-አይቢ አሉት። በ1975 አይትሪፕልኢ 488 ተብሎ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ ጂፒአይቢ የምንለው እሱን ነው። በአንድ መስመር ላይ እስከ 15 መሣሪያ ይያያዛል፤ የገመዱ ጠቅላላ ርዝመት ከ20 ሜትር አይበልጥም። መሰኪያው 24 እግር አለው፦ 8ቱ መረጃ ያመላልሳሉ፣ 3ቱ ተናጋሪና አድማጭን ያስማማሉ፣ 5ቱ ሥርዓት ያስከብራሉ፤ የቀሩት የመሬት መስመርና መከለያ ናቸው።

ትልቁ ብልሃት ያለው በሦስቱ ሽቦዎች ነው። የቆሎ ተማሪ ቤት አስቡ። የኔታ አንድ ቃል ይላሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ያልያዘው ልጅ እጁን ያነሳል እንበል። አንድ እጅ እንኳ ከተነሳ የኔታ ወደ ቀጣዩ ቃል አይሄዱም። ጂፒአይቢም እንዲሁ ነው። አንዱ ሽቦ የተናጋሪው ነው፣ «ቃሉ ይኸው» ይላል። ሁለቱ የአድማጮች ናቸው፦ «ገና አልተዘጋጀሁም» እና «ገና አልተቀበልኩም»። ሽቦውን ወደ ዜሮ ቮልት የጎተተ መሣሪያ እጁን አነሳ ማለት ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ቀርፋፋውን ይጠብቃል።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የአንዱ መሣሪያ ቺፕ ተበላሽቶ ሽቦውን ዜሮ ላይ ከያዘው፣ እጁ እንደተነሳ ቀረ። ጤነኞቹም አብረው ይቆማሉ።

ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምራል። መጀመሪያ አድራሻውን እዩ፦ ከ0 እስከ 30 ያለ ቁጥር ነው፤ በብዙ አሮጌ ዕቃዎች ከጀርባ ባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ይመረጣል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ ይጋጫሉ። ቀጥሎ ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ በአንድ መልሱ። መስመሩ የሚቆመው የትኛው ሲገባ ነው? በመጨረሻ ተጠርጣሪውን ለብቻው፣ ገመድ ሳይሰካበት አብሩትና የመሰኪያውን እግሮች በሌላ ማልቲሜትር ለኩ። ያረፈ የምልክት እግር ወደ 3 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። አንዱ ብቻ ዜሮ አጠገብ ከተኛ፣ መስመሩን የሚነዳውን ቺፕ ተጠራጠሩ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ቁጥሩ 75160 ወይም 75161 ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። አይኢሲ 625 የተባለው የዚሁ መስፈርት ሌላ ቅጂ ባለ 25 እግር መሰኪያ መረጠ። የአርኤስ-232 መስመርም የሚጠቀመው ያንኑ ዓይነት መሰኪያ ነው! ጂፒአይቢ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ አርኤስ-232 ግን ከዜሮ በላይም በታችም እስከ 15 ቮልት ሊደርስ ይችላል። «ገባ እኮ» ብሎ የሰካ ሰው ጤነኛ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት አጠገቡ የተጻፈውን አንብቡ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን መሰላችሁ? በ1980ዎቹ የተሸጠውን የሂውሌት-ፓካርድ 3478ኤ ማልቲሜትር እንውሰድ። የልኬት ማስተካከያ ቁጥሮቹ የሚቀመጡት በትንሽ ሊቲየም ባትሪ በሚቆይ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲሞት ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ ሜትሩም በታመነ መመዘኛ እንደገና እስኪስተካከል ድረስ ንባቡ አይታመንም። ቁጥሮቹን በጂፒአይቢ በኩል አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ይቻላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካገኛችሁ መጀመሪያ መስመሩን ጠግኑ፣ ቁጥሮቹን ገልብጡ። ባትሪውን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው።