ሰዓቱ ሳይቆም ሰዓት ሲጠፋ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የኮምፒዩተር ባለሙያ ይህን ብሂል ከሚያስታውስባቸው አጋጣሚዎች አንዱ፣ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል በአዲስ በተተካ ማግሥት፣ እስከ ትናንት በደኅና ይሠራ የነበረው የማሽኑ ሰዓት አልነበብ ያለ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት ብዙዎች ባትሪ ለመለወጥ ይጣደፋሉ። የሰዓቱ ታሪክ ግን ጥፋቱን በሌላ ቦታ እንድንፈልግ ያስተምረናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር በባትሪ የሚጠበቅ ሰዓት አልነበረውም። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ዕለቱንና ሰዓቱን መጻፍ የተጠቃሚው ግዴታ ነበር፤ ካልጻፈ ኮምፒዩተሩ ራሱን ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ላይ ያገኘው ነበር። በ1984 የቀረበው ፒሲ ኤቲ ይህን ጉድለት አስወገደ። በውስጡ የተተከለው ኤምሲ 146818 የተባለ የሞቶሮላ ቺፕ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብን ክሪስታል እየቆጠረ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ እየታገዘ ጊዜን ይጠብቅ ጀመር።

የዚህ ቺፕ አነባበብ ለኋለኛው ችግር ምንጭ ስለሆነ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ቺፑ 64 ባይት ይይዛል፤ የሚነበበው ግን በሁለት አድራሻዎች ብቻ ነው። በመጀመሪያው የሚፈለገው ባይት ቁጥር ይጻፋል፤ በሁለተኛው ይዘቱ ይነበባል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ቢጠይቁት አንዱ ያዘዘውን ሌላው ሊያነብ ይችላል። ስለዚህም ሊኑክስ እነዚህን አድራሻዎች ለአንድ ድራይቨር ብቻ በባለቤትነት ይሰጣል።

ለብዙ ዘመን ይህ ባለቤት «አርቲሲ» የሚባለው አሮጌው ድራይቨር ነበር። ሆኖም ሊኑክስ ሌላ ዓይነት የሰዓት ቺፕ ወዳላቸው ማሽኖች ሲስፋፋ፣ ሁሉም የየራሱን ድራይቨር በየራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። በ2006 የወጣው ከርነል 2.6.17፣ አሌሳንድሮ ዙሞ ያዘጋጀውን የጋራ መዋቅር ይዞ ቀረበ። ሰዓቶችም «አርቲሲ 0»፣ «አርቲሲ 1» እየተባሉ በቁጥር ይጠሩ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ለፒሲው ቺፕ በዚሁ መዋቅር ሥር አዲስ ድራይቨር ተጻፈለት።

የሽግግሩ ዘመን ችግሮች የመነጩት ከዚህ ነው። አሮጌውና አዲሱ ድራይቨር በአንድ ከርነል ውስጥ ሲገኙ ቀድሞ የተነሣው አድራሻዎቹን ይይዛል፤ ሁለተኛው «ተይዟል» የሚል መልስ ይደርሰዋል። በአሮጌው ስም የሚፈልጉ ፕሮግራሞችም ሰዓቱ አዲስ ስም ስላወጣ አያገኙትም። ሦስተኛው ከሁሉ ረቂቅ ነው። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት የነደፉት ኤችፒኢቲ የተባለው ጊዜ ቆጣሪ፣ በአንድ የአሠራር ስልቱ የሰዓቱን ቁጥር 8 የኢንተራፕት መስመር ይወስዳል። ሰዓት የሚያነበው ፕሮግራም የሰከንዱን ምልክት ቢጠብቅ ቢጠብቅ አይመጣለትም፤ በመጨረሻም ጊዜው አለፈ ብሎ ይተወዋል።

በሦስቱም ሁኔታዎች ሰዓቱ አልቆመም፤ የተለወጠው ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለሆነም አስተዋይ ባለሙያ በመጀመሪያ ማሽኑን በቀድሞው ከርነል ያስነሣዋል። በዚያ ሰዓቱ ከተነበበ ቺፑ ደኅና ነው። ቀጥሎ የከርነሉን የመነሻ መልእክቶች አንብቦ አድራሻዎቹን ማን እንደያዘ፣ ሰዓቱ በምን ስም እንደተመዘገበ፣ ኢንተራፕቱም ይደርስ እንደሆነ በተራ ይመረምራል። ባትሪው የሚጠረጠረው ማሽኑ ከመብራት ተነጥሎ ቆይቶ ሲከፈት ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ነው።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። የሚታየው ልዩነት በትክክል 3 ሰዓት ከሆነ ድራይቨሩን መውቀስ አይገባም። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ የያዘው የአካባቢው ሰዓት ነው ወይስ ዓለም አቀፉ የሚለው ምርጫ ተዛብቷል ማለት ነው።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማየት አይቻልም። ማሽኑ ጊዜን ከኔትወርክ እየወሰደ ሲሠራ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ኔትወርክ በሌለበት በተነሣ ዕለት ግን ኋላ የተከፈለው ቀድሞ እንደተከፈለ ሆኖ ይመዘገባል፤ ለበሽተኛ የተሰጠው መድኃኒትም ባልተሰጠበት ሰዓት ይጻፋል። የተሳሳተ ሰዓት የያዘ መዝገብ ደግሞ ከባዶ መዝገብ ይልቅ አሳሳች ነው፤ ባዶው አለማወቁን ሲናገር፣ ያኛው ሐሰቱን በእርግጠኝነት ይመሰክራልና። ከርነል የሚለውጥ ባለሙያ ሥራው የሚፈጸመው ማሽኑ ሲነሣ ሳይሆን፣ ያለ ኔትወርክ ተነሥቶ ትክክለኛውን ሰዓት ሲናገር ነው።