ግድቡ አልፈረሰም

ወዳጆች፣ የዛሬዋ ትንሽ ትረዝማለች፣ ታገሱኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሎንጋሮኔ በሰሜን ጣሊያን፣ ዶሎሚቲ ተራሮች መሃል፣ ፒያቬ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ቫዮንት የሚባለው ጠባብ ገደል አፉን ከፍቶ ይታያል። ይቺን ካርታ በአእምሯችሁ ያዟት።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳዴ የተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ይህን ገደል 261 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ዘጋው። በዘመኑ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ረጃጅም ግድቦች አንዱ ነበር። ጣጣው ከሐይቁ ጎን ያለው ቶክ ተራራ ነው። በድንጋዩ ንጣፎች መሃል ስስ የሸክላ አፈር አለ፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። ተራራው በጥንት ዘመን አንዴ የተንሸራተተ መሆኑን የደረሰበት ጂኦሎጂስት ደግሞ ማን መሰላችሁ? ኤዶአርዶ ሴሜንዛ፣ የግድቡ ንድፍ አውጪ የካርሎ ሴሜንዛ ልጅ! ሥራው ግን አልቆመም። በኖቬምበር 1960 ከተራራው ቁራሽ ተንዶ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ከላይ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ታየ።

ከግድቡ በላይ ያሉት የኤርቶ ገበሬዎች ቀድመው ፈርተው ነበር። ቲና ሜርሊን የተባለች ጋዜጠኛ ስጋታቸውን በ1959 ሉኒታ ጋዜጣ ላይ ብትጽፍ፣ የሐሰት ወሬ በመንዛት የሕዝብ ጸጥታ አውካለች ተብላ ተከሰሰች። ገበሬዎቹ ሚላኖ ድረስ ሄደው መሰከሩላት፤ ፍርድ ቤቱም ጽሑፏ ሐሰት የለበትም ብሎ በ1960 በነጻ አሰናበታት። እኔን ሁሌ የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ሐሰት ካልሆነ እውነት ነው ማለት አይደል እንዴ? ኩባንያው ግን የሐይቁን ውሃ ከፍ ዝቅ እያደረግን ተራራውን እንቆጣጠረዋለን ብሎ ቀጠለ።

ኦክቶበር 9 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 28 ቀን 1956 ዓ.ም. ማታ፣ የሎንጋሮኔ ቡና ቤቶች በሰው ተሞልተዋል። ሪያል ማድሪድና የግላስጎው ሬንጀርስ በአውሮፓ ዋንጫ የተጋጠሙበት ምሽት ነበር፤ ቴሌቪዥን ደግሞ በየቤቱ የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ላይ 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን የተራራ ጎን ባንዴ ሐይቁ ውስጥ ተናደ። ውሃው በግድቡ አናት ላይ ዘሎ፣ በገደሉ ተምዘግዝጎ ሎንጋሮኔ ላይ ወረደ። ከተማዋ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋች። በአካባቢው በጠቅላላ 1,917 ሰው አለቀ። ጎኗ ባለችው ፒራጎ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ የተረፈው የደወሉ ማማ ነው።

ብዙ ሰው "ግድቡ ፈርሶ" ሲል እሰማለሁ። አልፈረሰም! አናቱ ትንሽ ተላጠ እንጂ ዛሬም እዚያው ቆሟል፣ ከኋላው ግን ሐይቅ ሳይሆን የተናደው ተራራ ነው ያለው። የኮንክሪቱ ስሌት ትክክል ነበር።

ሜርሊን ታሪኩን መጽሐፍ አድርጋ ብትጽፈውም የሚያትምላት አጥታ ከረመች። የወጣው በ1983 ነው፣ አደጋው በደረሰ በ20 ዓመቱ።