ክልስ ውሻ (በየካና በእንጦጦ)

ክልስ ውሻ በአዲስ አበባ ከሐበሻ ውሻና ከፈረንጅ ዝርያ፣ ብዙ ጊዜም ከጀርመን ሼፐርድ፣ የተወለደ ውሻ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉ ግቢዎች ያጋጥማል።

የሐበሻ ውሻ ማንም መርጦ ያላራባው፣ ከአገሩ አየርና ከጥቂት ምግብ ጋር የተላመደ ነው፤ ፀጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ የተጠቀለለ። ሼፐርድ በበኩሉ ለሥልጠና የተመቸ ቢሆንም የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃዋል። ክልሱ ከዚህ ሕመም ሊያመልጥ ይችላል እንጂ ዋስትና የለውም።

ቡችላው ወደየትኛው ወላጅ እንደሚያደላ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የሻጩን ወሬ ትቶ እናቲቱን ማየት ይበጃል፤ እንግዳ ሲጠጋት ሳትደነብር መጥታ እጁን የምታሸት እናት ጥሩ ምልክት ናት። ቡችላው 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእሷ መለየት የለበትም።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጅብም ከባሕር ዛፉ ጫካ ይወርዳል። ደረቅ ማደሪያና የማያሾልክ አጥር የግድ ናቸው። ቀን ከሌት በሰንሰለት ማሰር ግን ጠባዩን ያበላሻል፤ ይህ ክፉ ልማድ ሊቀር ይገባል።

በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በዋናነት በውሻ ንክሻ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም በየዓመቱ ይደገም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ዕለቱን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።