ታፔላው ላይ ያለው ስም የማን ነው?

ሰው ሱቅ ሊከፍት ሲነሣ ቤት ይከራያል፣ ዕቃ ያስገባል፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ይሯሯጣል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ "ስሙ ማን ይባል?" አንዱ የልጁን ስም ይሰጠዋል። ሌላው "በረካ" ይለዋል። ሌላው ደግሞ ሐረር፣ ጅማ ወይም ዱባይ ብሎ የአገር ስም ታፔላው ላይ ያስጽፋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ስም ገበያ ውስጥ ሲገባ ቃል ኪዳን ይሆናል። ገዢው ዕቃውን መርምሮ ሳይጨርስ ስሙን አምኖ ገንዘቡን ይከፍላልና። ለመሆኑ ይህ እምነት ከየት ይመጣል? ባለቤቱስ ማን ነው? እስቲ የታሪክን ገጽ ገለጥ አድርገን እንመልከት።

በቀደመው ዘመን ብዙውን ጊዜ ሰው ለሥራው ስም አያወጣም ነበር፤ ሥራው ነበር ለሰውዬው ስም የሚያወጣለት። ከሰባቱ የቁርኣን አነባበብ ኢማሞች አንዱ የሆኑት ሐምዛ (በ156 ዓመተ ሂጅራ፣ በ773 እ.ኤ.አ. የሞቱት) "አዝ-ዘያት" ይባላሉ። ዘይት ነጋዴው ማለት ነው። ከኩፋ ወደ ሑልዋን ዘይት ጭነው ይሄዱ ነበርና ሕዝቡ በዚያው ጠራቸው። በ417 ዓመተ ሂጅራ (1026 እ.ኤ.አ.) የሞቱት የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ አል-ቀፋል አል-መርወዚም ዕውቀት ፍለጋ የወጡት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሆናቸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ "ቀፋል" የሚለው ስማቸውም ይህንኑ ይናገራል። የሰዋስው ሊቁ አዝ-ዘጃጅም በመስተዋት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ።

እንዲህ ዓይነቱን ስም ባለቤቱ አልመረጠውም። ጎረቤትና ደንበኛ አይተው ያወጡለት ስም ነው። ስለዚህ ዘይት ያልሸጠ ሰው "ዘያት" ልባል ቢል የሚሰማው አልነበረም።

ንግድና ጥበብ ከሠፈር ወጥተው ሩቅ አገር ሲሻገሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሩቅ ያለ ገዢ ባለእጁን አያውቀውም፤ ከተማውን ግን በዝና ያውቀዋል። የኢራቋን የሞሱል ከተማ እንውሰድ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞሱል አንጥረኞች በነሐስ ዕቃ ላይ ብርና መዳብ እየከተቱ በማስጌጥ ስማቸው የገነነ ነበር። ዛሬ በብሪታኒያ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የነሐስ ማንቆርቆሪያ አለ። በላዩ ላይ ሹጃዕ ኢብን መንዓ አል-መውሲሊ የተባለ ባለሙያ በ629 ዓመተ ሂጅራ (1232 እ.ኤ.አ.) በሞሱል እንደሠራው ተጽፎበታል። ስሙም ቦታውም ዘመኑም አንድ ላይ ተቀምጠዋል።

አሁን ደግሞ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለውን ሌላ ማንቆርቆሪያ ተመልከቱ። የሠራው ሰው ሑሰይን ኢብን ሙሐመድ "አል-መውሲሊ" ነኝ ይላል። የተሠራው ግን በ657 ዓመተ ሂጅራ (1259 እ.ኤ.አ. ገደማ) ደማስቆ ውስጥ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሞንጎሎች ሞሱልን ያዙ። ያም ሆኖ በ1280ዎቹ እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ዓሊ ኢብን ሑሰይን የተባለ ባለሙያ በሥራው ላይ አሁንም "አል-መውሲሊ" ብሎ ይፈርም ነበር።

እንግዲህ አንባቢያን፣ ይህ ሰው ካይሮ ተቀምጦ "የሞሱል ሰው ነኝ" ማለቱ ማታለል ነውን? ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ሥራውን እንይ። የብር አከታተቱ፣ የምስሉ አደራደር፣ የጽሕፈቱ ስልት ሞሱል ላይ የተጀመረው ነው። ይህ ዕውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ከተማይቱ ከኋላ ብትቀርም ሙያዋ ከሰዎቹ ጋር ተሰዷል። ስሙ የሚናገረውን ነገር ሥራው ይዞታልና ስሙ እውነት ነበር።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካይሮ የነበረው የሸክላ ሠሪው የገይቢ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። በሸክላ ስብርባሪዎች ግርጌ "ገይቢ" የሚለው ስም በብዛት ይገኛል። የእጅ ሥራው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስሙ የአንድ ሰው ፊርማ ከመሆን አልፎ የብዙ እጆች የሥራ ቤት መለያ ሆኖ እንደነበር ያመለክታል። ዛሬ "የንግድ ምልክት" የምንለው ነገር ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። በዚያ ቤት የሚሠራ እያንዳንዱ ልጅ ሳህን በቀረጸ ቁጥር የጌታውን ስም በእጁ ይዞ ነበር። አንዱ ቢያበላሽ የሚጎድፈው የሁሉም ስም ነው።

ስም ከሥራው ተለይቶ ብቻውን ሲሄድ ግን ምን ይሆናል? ለዚህ ከየመኗ የሙኻ ወደብ የተሻለ ምስክር የለም። ቡናው የሚበቅለው በየመን ተራራዎች ላይ ነው፤ ሙኻ የሚጫንበት ወደብ ብቻ ነበረች። ነገር ግን ዓለም የሚያውቀው ወደቡን ስለሆነ ቡናው "ሞካ" ተባለ። ከባሕሩ ማዶ የእኛው የሐረር ቡና እንኳ በውጭ ገበያ "ሞካ" እየተባለ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሆላንዶች ቡናን ጃቫ ላይ መትከል ጀመሩ። ሌሎችም ተከተሉ። በዚህ የተነሣ የሙኻ ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። ዛሬ ካፌ ገብቶ "ሞካ" የሚያዝ ሰው በብዙ አገር የሚቀርብለት ቸኮላት የተቀላቀለበት ቡና ነው። ስሙ ዓለምን ዞረ፤ የስሙ ባለቤት ግን ከዚያ ጉዞ ምንም አላገኘችም።

ይህ ዕጣ በእኛም ላይ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው በስሙ እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ተቃወመ። ክርክሩ በአጭሩ "እነዚህ ስሞች የማንም ያልሆኑ የቡና ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው" የሚል ነበር። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያም ከኢትዮጵያ ጋር ሙግት ገጠመ። ጉዳዩ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። በመጨረሻ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ኩባንያው በስሞቹ የሚጠቀመው የኢትዮጵያን ባለቤትነት አውቆ በፈቃድ እንዲሆን ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ለፈቃዱ ክፍያ አልጠየቀችም። የፈለገችው ስሙ ባለቤት እንዳለው እንዲታወቅና ገበሬው በዋጋው ላይ አቅም እንዲያገኝ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሐረርን ቡና ያሰኘው የማስታወቂያ ባለሙያ አይደለም። ቡናውን በፀሐይ ሲያሰጣ፣ ሲያገላብጥና ሲለቅም የኖረው ገበሬ ነው። ታፔላ ላይ በአንድ ቀን የሚጻፈው ስም በብዙ ትውልድ ድካም የተገነባ ነው።

ስለዚህ ነገ ሱቅ የምትከፍቱ፣ የጥበብ ሥራችሁ ላይ የምትፈርሙ ወገኖች ሆይ! ደስ የሚል ስም ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ስሙ የሚናገረው ነገር በሥራዬ ውስጥ አለን? ስሙን በላባቸው ያስከበሩት ሰዎችስ ከእኔ ምን ያገኛሉ? ቡናው ከሌላ ቦታ ሆኖ "የሐረር" ብሎ መሸጥ በገዢው ላይ ብቻ ሳይሆን በሐረር ገበሬም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ሐረርጌ ያለው አምራች ቡናው በሌላ ቡና ተተክቶ በስሙ ሲነገድበት ላያይ ይችላል፤ ገዢውም ላያውቅ ይችላል። ሻጩ ግን ያውቃል። የስም አደራ ከሁሉ በፊት የሚከብደው በእርሱ ላይ ነው።