ከሊማሊሞ አሞሌ እስከ ኦአርኤስ፦ ጨው ልጅን እንዴት ያድናል?

ልጅ ሲያስቀምጠው የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ዛሬ የዚህን ጨው ታሪክ እንይ።

ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወስደው የጥንት የነጋዴ መንገድ፣ ዛሬ ዳባትና ደባርቅ ባሉበት ደጋ አልፎ ሊማሊሞን ይወርድ ነበር። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በሊማሊሞ በኩል ነው። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ ጨውም በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው እየወጣ ይሸጥ፣ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ሰውም ከብትም ያለ ጨው መኖር አይችልምና።

ለምን አይችልም? ደረቅ አሞሌ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ንጹህ ውሃም ብቻውን የሚያስተላልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ግን ያስተላልፋል። ስዊድናዊው አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ምክንያቱን አስረዳ፦ የሟሟ ጨው አዎንታዊና አሉታዊ ሙል ወዳላቸው ቅንጣቶች ይከፋፈላል፤ ኤሌክትሪክን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። መምህራኑ ሥራውን በዝቅተኛ ውጤት አሳለፉት፤ በ1903 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

በደማችንም ያሉት እነዚሁ ናቸው፦ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድ። ኤሌክትሮላይት እንላቸዋለን። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚታዘዘው በእነሱ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲዝልና ዓይኑ ሲሰረጉድ ውሃውም ኤሌክትሮላይቱም እየጎደለ ነው።

ታዲያ ጨዋማ ውሃ ብቻ ቢጠጣስ? አንጀት በደንብ አይቀበለውም። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ግሉኮስ ሲጨመር አንጀት ሶዲየሙን፣ ከሶዲየሙም ጋር ውሃውን እንደሚስብ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲገባ የደም ሥር ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በበርሜል የተበጠበጠ የጨውና የግሉኮስ ውሃ እንዲያጠጡ አደረገ፤ ከ100 ሕሙማን ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ።

ያ ውህድ ዛሬ በየጤና ኬላው የሚሰጠው ኦአርኤስ ነው። በአጠቃቀሙ ግን አንሳሳት፦

• በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ብቻ በጥብጡ፤ የተለመደው ለአንድ ፓኬት 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። ውሃ መቀነስ መድኃኒቱን አያጠነክርም፤ የደም ጨው ከልክ በላይ ከፍ እንዲል ያደርጋል። ስኳርም ጨውም አትጨምሩ።
• ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ከ50–100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከ100–200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ።
• 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉ።
• ጡትና ምግብ አታቋርጡ፤ ዚንክ ከታዘዘለት ተቅማጡ ቢቆምም አስጨርሱት።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ሁሉንም ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በመንገድም ላይ መጠጣት ከቻለ ማጠጣቱን አታቋርጡ።

አሞሌ ዛሬ ገንዘብ አይደለም። በልኩ የሟሟ ጨው ግን ዛሬም ነፍስ ያተርፋል።