ባህር ሁሉ ወደብ አይደለም

የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከየካ ክፍለ ከተማ ቀና ብሎ ላየው አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላል፤ ለውሃ ግን ወሰን ነው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ጉዞውንም ሜዲትራኒያን ላይ ይጨርሳል። በደቡብ በኩል ወደ ከተማው የወረደው ደግሞ በቀበናና በሌሎች ወንዞች አቃቂን፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ግን ባህር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው በትነት ያልቃል።

ከየካ የወረደ ውሃ ባህር ባይደርስም፣ ባህሩ ግን በየቀኑ የካ ይደርሳል። ሾላ ገበያ ገብታችሁ የስልክ ቀፎውን፣ የመኪና መለዋወጫውን፣ የዘይት ጀሪካኑን ተመልከቱ፤ አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ከመርከብ ወርዷል። ያ ቦታ ወደብ ይባላል።

ስለ ወደብ ስናወራ ብዙ ጊዜ «የማን ነው?» በሚለው ላይ እንከራከራለን። መሐንዲስ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ እዚህ ቦታ መርከብ ይቆማል ወይ? የባህር ዳርቻን ተፈጥሮ ትሰጣለች፤ ወደብን የሚሠራው ሰው ነው፣ የሚሠራውም በቁጥር ነው። እስኪ ቁጥሮቹን ይዘን ታሪካችንን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርከብ ለመቆም ምን ይፈልጋል?

ሦስት ነገር፦ ጥልቀት፣ ቦታና ጸጥ ያለ ውሃ።

200 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሲጫን 11 ሜትር ያህሉ ከውሃ በታች የሚሆን የጭነት መርከብ አስቡ። ሆዱ መሬት እንዳይነካ በተከለለ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ ትርፍ ይተውለታል፤ ስለዚህ ወለሉ ከ12 ሜትር በላይ መጥለቅ አለበት። መቆሚያው ደግሞ ለገመዶቹና ከጎን ላለው መርከብ ቦታ እንዲተርፍ ወደ 230 ሜትር ይሆናል። መርከብ እንደ ታክሲ በጠባብ መንገድ ላይ አይዞርም። የተለመደው ስሌት ለመዞሪያ የሚተወው ክብ ስፋት የመርከቡ ርዝመት እጥፍ ይሁን ይላል፣ ማለትም 400 ሜትር። ይህ ክብ ወደ 18 የእግር ኳስ ሜዳዎች ያህል ነው፤ ይህን ሁሉ የሚይዘው የተከለለ ውሃ የወደብ ገንዳ ይባላል።

ጥልቀት ደግሞ አንዴ ተቆፍሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ክረምት ላይ ቀበና ወንዝ ቡናማ ሲሆን ያየ ሰው ደለል ምን እንደሆነ ያውቃል። ከእንጦጦ ታጥቦ የሚወርደው አፈር በአዋሽ በኩል ቆቃ ግድብ ደርሶ ይተኛል። ትልቅ ወንዝ አፍ ላይ የተሠሩ እንደ ሮተርዳም ያሉ ወደቦች በየጊዜው ደለል ማውጣት ግዴታቸው ነው። ወደ ቀይ ባህር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ለቀይ ባህር ወደቦች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከአዱሊስ እስከ ምጽዋ

ፔሪፕለስ የተባለው የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነጋዴዎች መመሪያ ስለ አዱሊስ የሚናገረው ነገር ለመሐንዲስ ጆሮ ይጥማል። መርከቦች ቀድሞ የሚቆሙት ከየብስ በእግር ሊደረስባት በምትችል ደሴት አጠገብ ነበር። እዚያ ጥቃት ስለደረሰባቸው ወደ ባህሩ ራቅ ወዳለች ሌላ ደሴት ተዛወሩ። ያኔ የተሠራ ግንብ አያስፈልግም ነበር፤ መርከቦቹ ትንንሽ ስለሆኑ ደሴት ከማዕበል ይከልላቸዋል፣ ዕቃው በጀልባ ይወርዳል።

ምጽዋም የታደለችው በደሴቶቿ ነው። ምጽዋና ጧለት የተባሉት ደሴቶች ለመርከብ የተፈጥሮ ከለላ ሠርተዋል። በ1870ዎቹ፣ በግብፆች ጊዜ፣ ደሴቶቹ በድልድል መንገድ ከየብስ ጋር ተያያዙ። ቆይቶም ጣሊያኖች ዘመናዊ መቆሚያዎችን ሠሩ።

ጥሩ ገንዳ ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፦ አፉ። በሚያዝያ 1941 ጣሊያኖች የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብባቸው መርከቦቻቸውን በወደቡ መግቢያዎች ላይ በተርታ አሰጠሙ። ጥልቀቱም፣ ከለላውም፣ ግንቡም እንዳለ ነበር፤ መግቢያው ግን ተዘጋ። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹም አብረው ሰጠሙ።

በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባህር ኃይል መሐንዲስ ትልቁን መጠገኛ ያነሣበት ዘዴ ደስ ይላል። ባዶ ብርጭቆ ገልብጣችሁ ውሃ ውስጥ ብትከቱ ውስጡ ያለው አየር ውሃውን አያስገባም። ኤልስበርግም ላይ ላዩን ደፍኖ የታመቀ አየር ነፋበት፤ አየሩ ውሃውን ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ገፍቶ ሲያስወጣው መጠገኛው ተንሳፈፈ።

አሰብ፦ በባህር ውስጥ የቆመ ግንብ

አሰብ እንደ ምጽዋ አልታደለችም። የጣሊያኑ የሩባቲኖ ኩባንያ በ1869 መሬቱን ሲገዛ ያገኘው ዳርቻ እንጂ ዛሬ ወደብ የምንለው አልነበረም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ማዕበሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። መርከብ በእንዲህ ያለ ቦታ ታስሮ ቢቆም ይናጣል፤ ክሬን ጭነት ሲያወርድ ደግሞ የአንድ ሜትር መወዛወዝ ሰው ይጎዳል።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የዩጎዝላቪያ ግንበኞች ለኢትዮጵያ መንግሥት ዘመናዊውን የአሰብ ወደብ ሠሩ። ቁልፉ ሥራ ማዕበል ሰባሪው ግንብ ነው። እንዲህ ያለው ግንብ በተለምዶ መሐሉ ትንንሽ ድንጋይ፣ ውጩ ግዙፍ ድንጋይ ይሆናል፤ ማዕበሉ በድንጋዮቹ ክፍተት ሲገባ ጉልበቱን ይጨርሳል። መግቢያው መርከብ የሚያሳልፍ ያህል ሰፊ፣ ማዕበል የማያሳልፍ ያህል ጠባብ መሆን አለበት። ልኩ ከተሳተ ምን ይሆናል? ውሃ የሞላ ሳፋ ተሸክማችሁ ስትራመዱ እርምጃችሁ ከውሃው ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ ውሃው እየባሰበት ይፈሳል። ገንዳም እንደዚሁ ነው፤ ትንሽ ማዕበል እንኳ ጊዜው ከገንዳው ጋር ከገጠመ መርከቦችን ከግንቡ ጋር ያጋጫል።

በ1967 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የነዳጅ ማጣሪያ ተጨመረና አሰብ የኢትዮጵያ ዋና በር ሆነች። ኤርትራ በ1993 ነፃ ሀገር ከሆነች በኋላም ለጥቂት ዓመታት ዕቃችን በዚያ ይገባ ነበር። በግንቦት 1998 ጦርነት ሲጀመር ይህ ቆመ። ግንቡ አልፈረሰም፤ መርከቦቹ ግን ሄዱ።

ጅቡቲ፦ 18 ሜትር ከየት መጣ?

መርከቦቹ የሄዱት ጅቡቲ ነው። የድሮው የጅቡቲ ወደብ በባቡር ከአዲስ አበባ ጋር የተገናኘው በ1917 ነበር። ዓለም ግን በኮንቴይነር መነገድ ስትጀምር መርከቦች እያደጉ ሄዱ፤ የአያት ዘመን መቆሚያ ለልጅ ልጅ መርከብ አልበቃም። ስለዚህ ጅቡቲ በ2009 ዶራሌ ላይ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ከፈተች፦ ርዝመቱ 1,050 ሜትር፣ ጥልቀቱ 18 ሜትር።

ለምን 18? በዓለም ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች 400 ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው፤ ሙሉ ሲጫኑ 16 ሜትር ገደማቸው ውሃ ውስጥ ይሆናል። 10 በመቶ ትርፍ ጨምሩበት፦ 17.6። 18 ሜትር ከዚያ ነው የሚመጣው። በ1,050 ሜትሩ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል።

ጣና፦ ወለሉ ሳይነቃነቅ ውሃው ሲወርድ

ይህ ሒሳብ ለባህር ብቻ አይደለም። ጣና ሐይቅ ላይ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ የሐይቁ ገጽ ከባህር ጠለል በላይ ቢያንስ 1,785 ሜትር ላይ መሆን አለበት። በ2003 ድርቁና ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን ከዚያ በታች አወረዱት፤ ጉዞው ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። መቆሚያዎቹ የትም አልሄዱም ነበር፣ የሄደው ውሃው ነው። የአንድ ቦታ ጥልቀት ሲለካ ታዲያ ዝቅተኛው ቀን እንጂ ጥሩው ቀን አይወሰድም።

ስለ ወደብ የሚደረግ ክርክር ሲያጋጥማችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ጣል አድርጉ፦ ጥልቀቱ በዝቅተኛው ቀን ስንት ነው? ማዕበሉ ከየት ይመጣል? መርከብ የት ይዞራል? ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣው መርከብስ ይገባል? መልስ ከሌለ፣ ክርክሩ ገና ስለ ዳርቻ ነው።

እስኪ እናንተም ሞክሩት፦ 300 ሜትር ርዝመት ያለውና 14.5 ሜትሩ ውሃ ውስጥ የሚሆን መርከብ ስንት ሜትር ጥልቀት፣ ስንት ሜትር መዞሪያ ይፈልጋል? ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው፤ የካ ተቀምጦም ይሠራል።