በሚዛን ክንድ ላይ የተሰቀለው ኳስ

«አንድ ኪሎ ብረትና አንድ ኪሎ ባዘቶ፣ የትኛው ይከብዳል?» በልጅነታችን ይህን ጥያቄ ያልተጠየቅን ጥቂቶች ነን። ቸኩሎ «ብረት!» ያለው ይሳቅበታል፤ «እኩል ናቸው» ያለው ይመሰገናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ባዘቶውንና የኪሎውን ብረት በሁለት ክንድ ሚዛን አስተካክለን ብናቆማቸው፣ ከዚያም በዙሪያቸው ያለውን አየር መጥጠን ብናወጣ፣ ሚዛኑ ወደ ባዘቶው ያዘነብላል፤ ልዩነቱም ግማሽ ግራም ያህል ነው። የጥጡ ክሮች ከብረቱ አምስት እጥፍ ያህል ቦታ ስለሚይዙ አየሩ የበለጠ ደግፏቸው ነበር። ውኃ ዋናተኛን እንደሚያነሳ ሁሉ፣ አየርም የሚነካውን ሁሉ በጥቂቱ ያነሳል።

ይህን በመሣሪያ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የጀርመኗ ማግደቡርግ ከንቲባ ኦቶ ፎን ጌሪከ ነው። እ.ኤ.አ. በ1631 ከተማው በጦርነት ተቃጥላ አብዛኛው ሕዝቧ ሲያልቅ እሱ ተርፏል። ብዙዎች የሚያውቁት አየራቸው የተመጠጠ ሁለት ንፍቀ ኳሶችን አጋጥሞ በፈረሶች ባስጎተተበት ትርኢት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚማርከኝ ጸጥ ያለው ሥራው ነው። አየሩን በፓምፕ ያወጣለትን ትልቅ ኳስ በሚዛን አንድ ክንድ ላይ ሰቀለ፤ በሌላው ክንድ ትንሽ የብረት ክብደት አንጠልጥሎ አስተካከለው። ከዚያ ማንም ሳይነካው ኳሱ አንዳንድ ቀን ከፍ፣ አንዳንድ ቀን ዝቅ ይል ጀመር።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ኳሱ ብዙ አየር ገፍቶ ቦታ ይዟል፤ ትንሹ ብረት የገፋው አየር ግን ከቁጥር አይገባም። የአየሩ ግፊት ሲጨምር አየሩ ይታመቃል፣ እያንዳንዱ ሊትር ይከብዳል፤ ስለዚህ ኳሱን የሚደግፈው ኃይል ያድጋል፣ ኳሱም ከፍ ይላል። ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ይወርዳል። ኳሱ ባዶ መሆኑ እንኳ ግዴታ አይደለም፤ በሚገባ መዘጋቱና መቅለሉ ይበቃል።

አየርላንድ የተወለደው ሮበርት ቦይል ይህንኑ በ1666 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አስነበበ። እሱ የተጠቀመው በጣም ስስ የሆነ፣ አፉ በእሳት የተዘጋ፣ ብርቱካን የሚያህል የብርጭቆ ኳስ ነበር። እንዲህ ባለ ኳስ ላይ የግፊት ለውጥ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ሚሊግራም ብቻ በመሆኑ፣ ሚዛኑ እጅግ ስሱ መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ ግፊትና ክብደት የሚለያዩበት ነጥብ አለ። ባሮሜትር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የሚነግረን የአየሩን ግፊት ነው፤ የተሰቀለው ኳስ ግን የሚነግረን አንድ ሊትር አየር ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። አየር ሲሞቅ ግፊቱ ሳይለወጥ ይቀላል፤ ኳሱም ይወርዳል። የቦይልን ኳስ አዲስ አበባ አምጥተን ብንሰቅለው ታሪኩ ደስ የሚል ይሆናል። በእኛ ምድር ግፊቱ በአንድ ቀን ውስጥ የሚለዋወጠው ከ1 ከመቶ በታች ነው፤ የጥቅምት ማለዳ 10 ዲግሪ ሆኖ ቀትር ላይ 23 ቢደርስ ግን የአየሩ ክብደት ከ4 ከመቶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ኳሱ ለእኛ ከባሮሜትርነት ይልቅ ወደ ቴርሞሜትርነት ያደላ ነበር። ደግሞም ከፍታችን 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በባሕር ጠረፍ 1.2 ግራም የሚመዝነው አንድ ሊትር አየር እዚህ 0.9 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ጌሪከና ቦይል የተደሰቱበት ይህ መዋዠቅ፣ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ጋዝ ለሚመዝኑ ሰዎች መከራ ሆነ። አንድ ሊትር ጋዝ ግራም ቢሞላ ነው፤ ጋዙን የያዘው የብርጭቆ ኳስ ግን ትልቅ ነው፤ የክፍሉ አየር በተለወጠ ቁጥር ሚዛኑ ይናወጣል። ፈረንሳዊው ቪክቶር ሬኞ በ1840ዎቹ ያገኘው መፍትሔ እስካሁን ያስደንቀኛል። 10 ሊትር ገደማ የሚይዘውን ኳስ ከአንዱ ክንድ ሥር ሲሰቅል፣ ከሌላው ክንድ ሥር መጠኑ ከእሱ ጋር እኩል የሆነ መንትያ ኳስ ሰቀለ። አየሩ ቢከብድም ቢቀልም ሁለቱን እኩል ያነሳቸዋል። መዋዠቁ በመንትዮቹ መካከል ተጣፋ።

አንዲት ስህተት ግን ተርፋ ነበር። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ በ1888 እንዳመለከተው፣ የብርጭቆ ኳስ አየሩ ሲወጣለት በውጭው ግፊት በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር የሚይዘው ቦታ ያንሳል፣ ድጋፉም ያንሳል። ሬይሊ ይህችንም ቆጥሮ አረመ። ሌላ ሰው «ይህ ምን ያደርጋል» ብሎ ያልፋት ነበር።

ያ ጥንቃቄ ብዙም ሳይቆይ ፍሬ አፈራ። ሬይሊ ናይትሮጅንን በሁለት መንገድ አዘጋጅቶ መዘነ። ኦክስጅኑን አስወግዶ ከአየር ያገኘው ናይትሮጅን ኳሱን ሲሞላው 2.3102 ግራም ሆነ፤ ከናይትሮጅን ውሕዶች ያገኘው ደግሞ 2.2990 ግራም። ልዩነቱ 11 ሚሊግራም ነው፤ ከሠላሳ እስከ አርባ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ነው። ሚዛኑን የማያምን ሰው ቢሆን የአየሩን መዋዠቅ ሰበብ አድርጎ ይተወው ነበር። ሬይሊ ግን ሰበቦቹን ሁሉ አንድ በአንድ ዘግቷቸዋል። በ1892 ለኔቸር መጽሔት ደብዳቤ ጽፎ ኬሚስቶች እንዲረዱት ጠየቀ። ከዊልያም ራምሴ ጋር ሆኖም በነሐሴ 1894 ኦክስፎርድ ላይ አየር ውስጥ ያልታወቀ ጋዝ እንዳለ አስታወቀ። ከምንም ጋር ስለማይዋሃድ በግሪክኛ «ሰነፍ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል አርገን ተባለ። በ1904 ሬይሊ የፊዚክሱን፣ ራምሴ የኬሚስትሪውን ኖቤል ተሸለሙ።

ጌሪከ ማግደቡርግ ላይ ኳሱን በሰቀለ ጊዜም አርገን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረ። ኳሱን ከስር ይደግፈው ከነበረው የአየር ክብደት 1.3 ከመቶ ያህሉ የእሱ ነበር።